የተማሮች ማኅበር፥ ደንቡና ድምፁ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከሥፍራዋ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። ሠራተኛውም ነጋዴውም ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ስለ ነበረ፥ ተረዳድቶ ለመኖር ማኅበር ማቆም ግድ ሆነበት። በዚችም ከተማ የተነሣው የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበር በአገራችን ካሉት የሠራተኛ ማኅበሮች ከቀደሙት አንዱ ነው።

ደንብን በድምፅ መለወጥ ከውጭ አገር ትምህርት ጋር የገባ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን የዕድር አባል የሆነ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። መዋጮው ይጨመር የሚል አባል ሐሳቡን ለዳኛው ያሰማል፤ ጕዳዩ ለሚመጣው ወር ይቀጠራል፤ በቀጠሮው ቀን የተሰበሰበው ሰው ተከራክሮ እጁን ያወጣል፤ ጸሐፊውም ውሳኔውን በመዝገብ ያሰፍራል። የተማሮች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ የሚጨምረው ጥቂት ነገር ቢሆን ነው፤ ይኸውም ሐሳቡ በጽሑፍ እንዲቀርብና ደጋፊዎች እንዲፈርሙበት፥ ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላ፥ ደንብ ለማሻሻልም ከተራ ብልጫ የበለጠ ድምፅ እንዲያስፈልግ ነው። ስለ ጥንታዊነቱ ከሆነ ደግሞ፥ በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ተማሮች በመካከለኛው ዘመን የራሳቸውን ሬክተር ይመርጡ ነበር።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የሐረርን መንገድ ይዞ ዳገቱን ለወጣ ሰው፥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ዓለማያ ይገኛል። የእርሻ ኮሌጁ በጥር ወር 1950 ዓ.ም. ተመረቀ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜም ከአካሎቹ አንዱ ሆነ። የዓለማያ ተማሮች ከአዲስ አበባ ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ዩኒቨርሲቲ ይባሉ እንጂ፥ በመካከላቸው የአንድ ቀን መንገድ ነበረ። በአዲስ አበባ ያሉት ኮሌጆች ተማሮች በ1959 ዓ.ም. በአንድ ማኅበር ሲጠቃለሉ፥ እንደ ዓለማያና እንደ ጎንደር ያሉት የሩቅ ኮሌጆች ከነርሱ ጋር የሚገናኙት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ብሔራዊ ማኅበር በኩል ነበር። እንዲህ ያለውን ኅብረት የሚያስቸግር ጥያቄ አለ። ድምፅ በየኮሌጁ እኩል ቢሰጥ ብዙ ተማሮች ያሉት ኮሌጅ ተበደልሁ ይላል፤ በሰው ቍጥር ቢሰጥ ደግሞ ትንሹና ሩቁ ኮሌጅ ከስብሰባው ቢቀርም ባይቀርም ለውጥ የለውም። በእኔ አስተያየት ደንብ ከሚነገርበት ነገር ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ከፕሬዚዳንቱ ማንነትም ይልቅ የሚበልጥ ነው።

በ1961 ዓ.ም. ጥላሁን ግዛው ለአዲስ አበባው ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በመኰንን ቢሻው ተሸነፈ። በሚከተለው ዓመት እንደ ገና ቀርቦ ተመረጠ። የተሸነፈው ወገን ድምፁን ሰብስቦ በማግሥቱ ዓመት መመለሱ፥ ማኅበሩ ምርጫን ከልቡ እንደ ተቀበለ የሚያሳይ ይመስለኛል። ነገር ግን የተመረጠው ሰው ብዙ ሳይቆይ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተገደለ፤ በማግሥቱም ወታደር ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብቶ ሌሎች ተማሮች ሞቱ።

ባሕር ማዶ ያሉትን ደግሞ ያስቸገራቸው ሌላ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሮች ማኅበር በክረምት ወራት ጉባኤ እየሠራ በሐሳብ ላይ ድምፅ ይሰጥ ነበር። በ1963 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በተደረገው 19ኛ ጉባኤ ግን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ክርክሩ ከድምፅ አልፎ ማኅበሩ ተከፈለ። በዚያ የነበረ ወታደር አልነበረም። አባሎች በውጤቱ አብረው ለመኖር ካልተስማሙ፥ የድምፅ ቈጠራው የመለያያ ሰነድ ብቻ ይሆናል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል ነጻ የተማሮች ማኅበርና የራሳቸው ጋዜጣ እንዲኖራቸው የሚል ነበረበት። ጥያቄው ለሁከት ምክንያት ሆነ፤ የሰውም ሕይወት ጠፋ።

ድሬዳዋ የራስዋን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለከተማይቱ ተማሮች ነገሩ ዳገት ወጥተው የሚሰሙት ወሬ መሆኑ ቀርቷል። የዕድር ዳኛ ሠላሳ ዓመት በአንድ ወንበር ሊቀመጥ ይችላል፤ ተማሪ ግን በአራትና በአምስት ዓመት ተመርቆ ይሄዳል፤ ደንቡ ለምን እንደ ተለወጠ የሚያውቀውም ሰው አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ ማሻሻያ የሚያቀርብ ተማሪ አሮጌውን አንቀጽና አዲሱን ጎን ለጎን ጽፎ፥ ምክንያቱን ከሥር አስፍሮ፥ ከድምፁ ቀን አስቀድሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፈው፥ ቃለ ጉባኤውም ከነድምፁ ቍጥር በቤተ መጻሕፍቱ ቢቀመጥ፥ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ ገልጦ ሊያነበው ይችላል።