አስቴር ጋኖ ማን ናት? ከባርነት ወደ ልጆች መጽሐፍ

ቤተሰቦች፣ ጊንጪ ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብትጓዙ አስፋልቱ አምቦን አልፎ ነቀምቴ ያደርሳችኋል። እዚያ ነቀምቴ ከመቶ ዓመት በፊት ልጆች ታስተምር የነበረች ሴት አለች። ማታ ማታ በየቤታችን የሚወራውን ኦዱ ዱሪ ለልጆች ማንበቢያ መጽሐፍ እንዲገባ ያደረገችው እሷ ነች። ግን ስሟን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ ስለ አስቴር ጋኖ እናውራ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ልጅነቷ
የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ነፃ ሆና ብትወለድም በኋላ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባርያ ተደረገች። በ1886 ቀይ ባሕርን አሻግረው ዓረብ አገር ሊሸጧት ሲወስዷት የጣልያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ነፃ ወጣች። ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ገደማ ነበረች። ከዚያ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ የሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት።

እንዴት ጸሐፊ ሆነች?
እምኩሉ ውስጥ ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባል የኢሉባቦር ሰው ነበር። እሱም በልጅነቱ ተሸጦ ነፃ የወጣ ነው። አስቴር ለኦሮምኛ ልዩ ጆሮ እንዳላት ቶሎ ገባው። መጀመሪያ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ተሰጣት።

እሷ ግን በቃላት ብቻ አላቆመችም። ከቤቷ ያን ያህል ርቃ 500 የሚሆኑ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በወረቀት አሰፈረች። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ በግዕዝ ፊደል ነው፤ ቁቤ በይፋ ሥራ ላይ የዋለው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1991 ነው።

አስቡት፦ ሁሉን ነገር የተቀማች ልጅ፣ ማንም ሊቀማት ያልቻለውን ቋንቋዋን ለሌሎች ልጆች ሰጠች።

ስሟስ የት ገባ?
እዚህ ጋ ነው የሚያናድደው። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ሲታተም አስቴር ብዙ የደከመችበት ሥራ ነበር። ሽፋኑን ስትገልጡ የምታገኙት ግን የኦነሲሞስን ስም ብቻ ነው። ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖችም ብዙው ሳይታተም ቀርቷል።

በ1904 ከኦነሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ ነቀምቴ ላይ መምህርት ሆነች። ያረፈችው በ1964 ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?
ከሷ በኋላም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) «ልጆች» እያሉ በቴሌቪዥን ለዓመታት ያወሩልን ከአያት ከቅድመ አያት የመጣውን ተረት ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም ተሰዶ አሜሪካ ሄዶ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ። ለኢትዮጵያ ልጆች በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቢያጣ፣ የምናውቀውን የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ኋላም አገሩ ተመልሶ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ።

ስለዚህ «የልጆች መጽሐፍ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት ልጀምር?» የምትሉ የጊንጪ፣ የአምቦ፣ የጉደር ልጆች፣ መጀመሪያው ቤታችሁ ነው።

• ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና አኮ (አያት) ኦዱ ዱሪ ሲያወሩ ቅዱ። አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ!
• የተቀዳውን ሳታሳምሩ እንደተነገረ ጻፉት። ማሳመሩ በኋላ ይደርሳል።
• ለአንድ ትንሽ ልጅ አንብቡለት። የት ጋ እንደሰለቸው ፊቱ ይነግራችኋል።
• ተረቱን የነገራችሁን ሰው ስም ከሥሩ ጻፉ።

የመጨረሻዋን አደራ! አስቴር ላይ የደረሰው አኮ ላይ እንዳይደርስ።