መጋቢ፦ አዲስ ጽሑፍ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚደርስበት መስመር

መጋቢ (ስም)፦ አንድ ድረ ገጽ በቅርቡ ያወጣቸውን ጽሑፎች ርዕስ፣ ቀን፣ አጭር መግለጫና ሊንክ የሚዘረዝር ፋይል። በእንግሊዝኛ ፊድ ይባላል፤ ከዓይነቶቹ ይበልጥ የታወቀው አርኤስኤስ ነው። ፋይሉን በየጊዜው እያየ አዲስ የገባውን የሚያሳየን ፕሮግራም ደግሞ የመጋቢ ማንበቢያ ነው። መጋቢ ወንዝ፣ መጋቢ መንገድ ማለት ስለለመድን ቃሉ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም።

አርኤስኤስን በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ነው፤ 2.0 የተባለው ቅጂ በ2002 ወጣ። ፊድሊ፣ ኢኖሪደርና ዞተሮ የተባሉት ፕሮግራሞች መጋቢ ማንበብ ይችላሉ።

ጥቅሙ በሥራ ላይ ሲታይ ይገባል። አንድ ሐኪም ስለ ፖዶኮኒዮሲስ ያጠናል እንበል፤ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚታወቅ የእግር እብጠት ነው። የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቃሉን የሕክምና ጥናቶች በሚፈለጉበት በፐብሜድ ላይ ይፈልግና ከመፈለጊያው ሣጥን ሥር «ክሪኤት አርኤስኤስ» የሚለውን ይጫናል። የሚሰጠውን አድራሻ ገልብጦ ማንበቢያው ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ በርዕሱ ላይ አዲስ ጥናት ፐብሜድ ውስጥ ሲገባ ራሱ ይመጣል። መጋቢው የሚይዘው የቅርቦቹን ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ጽሑፍ በሚወጣበት ርዕስ ላይ የሚታየውን ብዛት ከፍ ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ ማንበቢያው ሳይደርስባቸው የሚያልፉ ይኖራሉ።

የመጽሔቶች አዲስ ማውጫም በዚሁ መንገድ ይደርሳል። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌርም ለካታሎግ ፍለጋ መጋቢ ስለሚያወጣ፣ አንባቢዎች በሚፈልጉት ርዕስ የገባ አዲስ መጽሐፍን መከታተል ይችላሉ። መጋቢ የኢሜይል አድራሻ አይጠይቅም፤ ፋይሉ ጽሑፍ ብቻ በመሆኑም ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ሁሉ አይከብድም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በብዙዎች ዘንድ ተወዳጅ የነበረው ማንበቢያ፣ ጎግል ሪደር፣ በጁላይ 2013 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ስለዚህ የመጋቢዎቻችሁን ዝርዝር ኦፒኤምኤል በተባለው ፋይል አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ወደ ሌላ ማንበቢያ ሙሉውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

መጋቢ ያገኘውን ሁሉ ያመጣል፤ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው አይለይም። ከመጣው ውስጥ ለዚያ ሐኪም የሚበጁትን ሁለት ሦስት ጥናቶች መርጦ ማድረስ የባለሙያው ድርሻ ነው። ድረ ገጽ ለድረ ገጽ ከመዞር የተረፈው ጊዜም ለዚህ ሊውል ይገባል።