ቁጥር 912፦ መተግበሪያዎች ስንብታቸውን ለማወቅ የተጓዙበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2002 መገባደጃ ላይ ለጃቫ የእጅ ስልኮች የወጣው ሁለተኛው የ«ሚድፕ» ደንብ በብዙ ገጾቹ መካከል አንዲት ትንሽ ነገር ይዟል። ደንቡ ፕሮግራም ወደ ስልክ ሲገባና ከስልክ ሲወጣ በስልኩና በአቅራቢው ሰርቨር መካከል ስለሚተላለፉ አጫጭር መልእክቶች ይደነግጋል። መልእክቶቹ በቁጥር የተወከሉ ናቸው። 900 ፕሮግራሙ በሚገባ መጫኑን፣ 901 በስልኩ ውስጥ በቂ ቦታ አለመኖሩን፣ 902 ተጠቃሚው ሐሳቡን ለውጦ መተዉን ያመለክታሉ። ከዝርዝሩ ወደ ታች ወረድ ሲባል 912 ይገኛል፤ ትርጉሙም ፕሮግራሙ ከስልኩ ተሰርዟል የሚል ነው። የፕሮግራሙ ሠሪ ይህን ማወቅ ከፈለገ ከፕሮግራሙ ጋር በሚያያዘው መግለጫ ላይ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ማስፈር ብቻ ይበቃዋል። ባለስልኩ ፕሮግራሙን ካጠፋ ወሬውን ወደዚያ አድራሻ ማድረስ የስልኩ ሥራ ነው።

ደንቡ በዚህ አላበቃም። ሠሪው አንድ አጭር ጽሑፍ እንዲያስቀምጥም ይፈቅድለታል፤ ባለስልኩ «አጥፋ» ብሎ ሲያዝና ስልኩ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ያ ጽሑፍ አብሮ ይታያል። ጽሑፉ የተገዛ ነገር አብሮ እንደሚጠፋ ለማስጠንቀቅ ሊያገለግል ይችላል፤ ለልመናም ሊያገለግል ይችላል። በ2003 የወጣውን ኖኪያ 6600 የመሰሉ ስልኮች በዚህ ደንብ የሚሠሩ ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችም የጃቫ ስልኮች ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል፤ ስለ 912 የሰማ ባለስልክ ግን እጅግ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

በዘመኑ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ቀደም ሲል በነበረው የኮምፒውተር ልማድ የሚባረረው ፕሮግራም በመባረሩ ሥራ ላይ ዋና ተካፋይ ነበር። ማይክሮሶፍት በ1995 ያወጣው ዊንዶውስ 95 ፕሮግራሞችን ማስወገጃ አንድ ወጥ ዝርዝር ነበረው፤ ይሁንና ከዝርዝሩ አንዱ ሲመረጥ የሚነሣው ማስወገጃ ያው የሚወገደው ፕሮግራም ሠሪ ጽፎ ያስቀመጠው ነው። በሌላ አነጋገር ተሰናባቹ የስንብት ደብዳቤውን ራሱ ይጽፋል፣ ማኅተሙን ራሱ ይመታል፣ ቁልፉንም ራሱ ያስረክባል። ካልፈለገ አንዳንዱን ቁልፍ ሳያስረክብ እንደሚቀርም የታወቀ ነው። በኋላ ኢንተርኔት ሲስፋፋ ማስወገጃው ሥራውን ሲጨርስ «ለምን ተዉን?» የሚል መጠይቅ መክፈት የተለመደ ሆነ።

ይህን ልማድ የቆረጠው 2008 ነው። በሐምሌ ወር አፕል የአይፎን መተግበሪያዎች መደብሩን በ500 ያህል መተግበሪያዎች ከፈተ፤ በጥቅምት ደግሞ የጉግል አንድሮይድ ስልክ ገበያ ወጣ። በሁለቱም ዘንድ መተግበሪያን የማራገፉ ሥራ የሥርዓተ ክወናው ብቻ ሆነ። የአንድሮይድ አሠራር በተለይ ልብ የሚባል ነው። አንድ መተግበሪያ ሲራገፍ ሥርዓቱ ለሌሎቹ ያስታውቃል፤ የሚራገፈው መተግበሪያ ራሱ ግን ይህ ማስታወቂያ እንደማይደርሰው በመመሪያው በግልጽ ሰፍሯል። የዕድር ጥሩምባ ለጎረቤት ይነፋል እንጂ ለሟች አይነፋምና። ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም። ሊባረር መሆኑን የሚሰማ ፕሮግራም አንዲት ደቂቃ ቢሰጠው ሊያመሰግን ይችላል፤ ሊማጸን ይችላል፤ የስልኩን ሰነዶች ጠራርጎ ሊልክ ወይም በሩን ከውስጥ ሊቆልፍም ይችላል። ሥርዓቱ የትኛውን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መለየት ስለማይችል ደቂቃዋን ለማንም አልሰጠም።

አፕል ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለየት ያለ ነገር ሞክሮ ነበር። ባለአይፎኑ መተግበሪያ ሲያጠፋ ስልኩ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እንዲሰጠው ይጠይቀዋል። የወደደ ሰው አያጠፋምና በዚያች ሰዓት የሚሰጠው ፍርድ ምን ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ነው። ሠሪዎች አጥብቀው ቅሬታ አሰሙ፤ ጥያቄውም በ2010 አራተኛው የአይፎን ሥርዓተ ክወና ሲወጣ ቀረ።

በሩ የተዘጋባቸው ሠሪዎች በመስኮት መሞከራቸው አልቀረም። የአንድሮይድ ስልክ በውስጡ የሚከናወነውን ሁሉ የሚመዘግብበት የጋራ መዝገብ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገቡን ለማንበብ ፈቃድ ያገኘ መተግበሪያ ሳያቋርጥ ይከታተለዋል፤ የማራገፍ ትእዛዝ ከራሱ ስም ጋር ተጽፎ ሲያይ የመጣበትን ያውቃል። ጉግል በ2012 በአንድሮይድ 4.1 ይህን ፈቃድ ከተራ መተግበሪያዎች ነጠቀ። ሌላው ዘዴ ሥርዓቱን በየቅጽበቱ «አሁን ከፊት ያለው ገጽ የቱ ነው?» እያሉ መጠየቅ ነበር። ከፊት ያለው የማራገፊያው ማረጋገጫ ገጽ ከሆነ መተግበሪያው ዘሎ ይነሣና የራሱን ገጽ ከላይ ይደርብበታል። ባለስልኩ «እሺ» የሚለውን ሊጫን ጣቱን ሲሰድ ሳያስበው የልመና ወይም የቅናሽ ገጽ ላይ ያርፋል። ይህም በ2014 በአንድሮይድ 5 ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ መተግበሪያ የሌላውን ገጽ እንዲህ በቀላሉ መጠየቅ አይችልም።

ከሁሉም የረቀቀው በ2013 አካባቢ በቻይና ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ዘዴ ነው። መተግበሪያው ከራሱ ተነጥሎ የሚኖር አንድ ትንሽ ሂደት ይወልዳል። የዚህ ልጅ ሥራ የአባቱን የሰነድ ማኅደር መጠበቅ ብቻ ነው። ሥርዓቱ መተግበሪያውን ሲያራግፍ ማኅደሩ ይጠፋል፤ ልጁ ይህን ሲያይ የኢንተርኔት ማሰሻውን ቀስቅሶ የሠሪውን መጠይቅ ይከፍታል። ባለስልኩም አሁን ያጠፋው መተግበሪያ ሲያነጋግረው ይደነግጣል። በኋላ የወጡት የአንድሮይድ ዓይነቶች መተግበሪያ ሲወገድ ከእርሱ የተወለደውን ሁሉ አብረው ስለሚያጠፉ ይህም ዘዴ ከጥቅም ውጪ ሆኗል። የሚገርመው ግን ይኸው ጉግል በ2015 ለክሮም ማሰሻው ተቀጥላ ፕሮግራሞች ሲወገዱ የሚከፈት አድራሻ እንዲያስቀምጡ በሕግ ፈቀደላቸው። በስልክ የተከለከለው በማሰሻ የተፈቀደ ሆነ ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ ዘዴዎች በመጠይቅ ብቻ ቢቀሩ ኖሮ ነገሩ ከመሰልቸት አያልፍም ነበር። አንድሮይድ በ2010 መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ስልክ እንዲቆጣጠሩ፣ የጠፋውንም ከሩቅ እንዲያጸዱ «የመሣሪያ አስተዳዳሪ» የሚባል ሥልጣን ፈጠረ። ሥልጣኑን የያዘ መተግበሪያ ሥልጣኑ ካልተሻረ አይራገፍም፤ ባለስልኩ ሊሽረው ሲነሣ ደግሞ ሥርዓቱ የመተግበሪያውን ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያሳያል። የ2002ቱ የጃቫ ጽሑፍ በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ይቻላል። በሰኔ 2013 የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት «ኦባድ» የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ይህን ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሥርዓቱ ክፍተት ተጠቅሞ ራሱን ከአስተዳዳሪዎች ዝርዝር ይሰውራል፤ በዝርዝሩ የማይታየውን መሻር አይቻልም፤ ያልተሻረውንም ማራገፍ አይቻልም። በኋላም የባንክ ሒሳብ የሚዘርፉ ፕሮግራሞች ለዓይነ ስውራንና ለሌሎች አካል ጉዳተኞች የተዘጋጀውን የተደራሽነት አገልግሎት ለዚሁ ዓላማ አዋሉት። አገልግሎቱ በገጹ ላይ ያለውን ማንበብና በሰው ፈንታ መጫን ስለሚችል፣ ባለስልኩ ወደ ማራገፊያው ገጽ ሲደርስ ዘራፊው ቀድሞ «ተመለስ» የሚለውን ይጫናል። መጠይቅ አቅራቢውና ዘራፊው የሚፈልጉት ዕውቀት አንድ መሆኑ ነው የሥርዓት ሠሪዎቹን እጅ ያጠበቀው።

ስንብቱን በሰዓቱ መያዝ ሲያቅት ድኅረ ስንብት መቁጠር ተጀመረ። መተግበሪያ ማሳወቂያ መቀበል እንዲችል በአፕል ወይም በጉግል በኩል የራሱ መለያ ይሰጠዋል። ወደዚያ መለያ ማሳወቂያ ሲላክ መተግበሪያው በስልኩ ላይ ከሌለ አገልግሎቱ ውሎ አድሮ መለያው እንደማይሠራ ለላኪው ይነግረዋል። ዓላማው ላኪዎች በከንቱ እንዳይልኩ ነበር። አፕል በ2013 ድምፅም ጽሑፍም የሌለው ስውር ማሳወቂያ ሲፈቅድ ግን የገበያ ተንታኞች ጥሩ መሣሪያ አገኙ። ለተጠቃሚዎች ሁሉ በየጊዜው ስውር ማሳወቂያ ይልካሉ፤ መልስ የጠፋበትን «ተራግፏል» ብለው ይመዘግባሉ። ብሉምበርግ በጥቅምት 2018 ይህን ሲዘግብ፣ የተሰናበተውን ሰው ለይቶ በማስታወቂያ ማሳደድ እንደሚቻል ለብዙ አንባቢ የመጀመሪያ ዜና ሆነ።

ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2017፣ ኒው ዮርክ ታይምስ የኡበርን ጉዳይ አውጥቶ ነበር። ኩባንያው መተግበሪያው ከጠፋም በኋላ አይፎኖችን ለይቶ የሚያውቅበት ምልክት ይጠቀም እንደነበር፣ በአፕል ዋና መሥሪያ ቤት አካባቢ ላሉ ስልኮች ግን ይህን ይሰውር እንደነበር፣ በ2015 መጀመሪያም ቲም ኩክ የኡበርን ኃላፊ ትራቪስ ካላኒክን ጠርቶ እንዲያቆም እንዳስጠነቀቀው ጋዜጣው ጻፈ። ኡበር በበኩሉ ዓላማው ማጭበርበርን መከላከል እንጂ ሰዎችን መከታተል እንዳልሆነ ገልጿል።

ዛሬ ዋናው ጥረት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ስንብቱ ከመድረሱ ቀናት በፊት በግምት መድረስ። ይህ ጥበብ የመጣው ከስልክ ኩባንያዎች ነው። በ1990ዎቹ ደንበኛ ወደ ተፎካካሪ ሲፈልስ የተጎዱት ኩባንያዎች ከክፍያና ከጥሪ መዛግብት ተነሥተው ቀጣዩን ፈላሽ ለመለየት ይሞክሩ ነበር። በ2009 የፈረንሳዩ ኦራንዥ የ50,000 ደንበኞች ስም አልባ መረጃ ለተመራማሪዎች ውድድር አቅርቧል፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱ «ማን ሊሄድ ነው?» የሚል ነበር። የቅድሚያ ክፍያ በሰፈነበት በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ጥያቄው ይበልጥ ይወሳሰባል። ውል የለም፤ ስንብትም የለም። ሲም ካርዱ ከሁለቱ አንዱ ሆኖ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ማንም «ሄጃለሁ» አይልም። ስለዚህ ኩባንያው የዝምታ ቀናት ቆጥሮ «ሄዷል» ብሎ ራሱ መወሰን አለበት። መተግበሪያዎች የወረሱት ይህንን ነው። ሰውየው በሳምንት አምስት ቀን ይከፍት የነበረውን ወደ ሁለት ካወረደ፣ የሚቆይበት ጊዜ ካጠረ፣ ማሳወቂያ ከዘጋ፣ እነዚህ ተደምረው አንድ ቁጥር ይሰጡታል። ጉግል በ2017 ለሠሪዎች ያቀረበው የትንበያ አገልግሎት በሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ውስጥ ሊተዉ የሚችሉትን ይለይ ነበር፤ አገልግሎቱ በ2021 ቢዘጋም ተመሳሳዩ በጉግል የትንተና አገልግሎት ውስጥ ቀጥሏል። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ቅናሽ ይላክለታል። ታማኙ ደንበኛ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ ጥቂት የሰነፈው ይሸለማል።

912ም ቢሆን ፈጽሞ አልሞተም። በዚሁ የትንተና አገልግሎት ውስጥ በአንድሮይድ ስልኮች መተግበሪያ ሲራገፍ ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ክስተት አለ። መተግበሪያው አሁንም አይሰማም፤ ሠሪው ግን ቁጥሩን ከጉግል ያገኛል።

በኬንያ የሞባይል ብድር መተግበሪያዎች በተስፋፉበት ዘመን የታየው ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። አንዳንድ አበዳሪዎች ተበዳሪው የፈቀደላቸውን የስልክ ማውጫ ገልብጠው፣ ክፍያ ሲዘገይ ለዘመዶቹና ለሥራ ባልደረቦቹ እየደወሉ ያሳፍሩት ነበር። ተበዳሪው መተግበሪያውን ቢያራግፍ ምንም አይተርፍም፤ ማውጫው ቀድሞ ሄዷል። ኬንያ በ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አወጣች፤ ማዕከላዊ ባንኳም በ2022 ባወጣው ደንብ ይህን ድርጊት ከለከለ። ጉግል ደግሞ በ2023 የግል ብድር መተግበሪያዎች የስልክ ማውጫንና ፎቶግራፍን እንዳያገኙ አገደ። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ ጥበቃ ሕጓን አጸደቀች።

ማራገፍና መሰረዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የመደብሮቹ ባለቤቶችም ዘግይተው በደንባቸው አስገብተዋል። አፕል ከሰኔ 2022 ጀምሮ መለያ የሚያስከፍት መተግበሪያ ሁሉ መለያውን ማጥፊያ በውስጡ እንዲያዘጋጅ አስገድዷል። እስከ 2024 አጋማሽ ተግባራዊ የሆነው የጉግል ደንብ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት፤ ሠሪው ከመተግበሪያው ውጪ በኢንተርኔት ገጽ ላይም የማጥፊያ መንገድ ማቅረብ አለበት። ምክንያቱም ቀድሞ ያራገፈ ሰው መረጃው እንዲሰረዝለት ለመጠየቅ ሲል የተሰናበተውን መተግበሪያ ዳግመኛ ስልኩ ላይ እንዲጭን እንዳይገደድ ነው።