የገና ጌጥና አሮጌ ቤት



የልደት በዓል በተቃረበ ቍጥር በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ዓይነት ጭውውት ይሰማል። አንዱ፥ «ቤቴ አሮጌ ነው፤ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል፤ በዚህ ቤት ውስጥ ምን ጌጥ ያምራል?» ይላል። ሌላው ደግሞ ልጆቹ በጎረቤት ቤት ያዩትን ባለ መብራት ዛፍ እንዲገዛላቸው እንደ ለመኑትና ከባልንጀራው ገንዘብ ለመበደር እንዳሰበ ይናገራል። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ገናን በሚገባ ለማክበር አዲስ ቤትና ሙሉ ኪስ ያስፈልጋል የሚለው ነው። በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው ግን ይህ ሐሳብ በታሪክ ፊት የማይቆም መሆኑን ነው። የገና ጌጥ በአገራችንም ሆነ በውጭ አገር ከምን እንደ ተነሣ ብንመረምር፥ ዛሬ በሱቅ መስኮት ተደርድሮ ከምናየው ነገር ብዙው በመጀመሪያ ከቤትና ከደጅ ከተገኘ ነገር በእጅ የተሠራ ሆኖ እናገኘዋለን።

አስቀድመን የራሳችንን ልማድ እንመልከት። ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ታከብራለች። ከዚያ በፊት ከኅዳር ወር አጋማሽ ጀምሮ ጾመ ነቢያት ይጾማል። ይህ ከአርባ ቀን የሚበልጥ ጾም ለነፍስ መሰናዶ እንደ ሆነ ሁሉ ለቤትም የመሰናዶ ጊዜ ሆኖ ኖሯል። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ዝናም ያራገፈው ምርግ የሚጠገንበት፥ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ስንጥቁ የሚደፈንበት፥ ኖራ ወይም ነጭ አፈር ተበጥብጦ ግድግዳው የሚቀባበት፥ የአፈሩ ወለል በእበት የሚለቀለቅበት ወራት ይኸው ነው። በዋዜማው ከወንዝ ዳር የታጨደ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ያደሩትም ሲመለሱ ቤቱ ከደጃፉ ጀምሮ በለምለም ሽታ ይቀበላቸዋል። ጌጡ ሁሉ ይኸው ነበር። ጌታ የተወለደው በከብቶች በረት፥ የተኛውም በግርግም መሆኑን ለሚያስብ ሰው ከእርጥብ ሣር የበለጠ ለዚህ በዓል የሚስማማ ምንጣፍ አይገኝም።

በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው የራሱ የሆነ አንድ ታሪክ አለው። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በመላው ዓለም የተነሣው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከከተማይቱ ደርሶ እጅግ ብዙ ሰው ፈጀ። ሕዝቡም መዓቱን «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው፤ ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ግቢውን እየጠረገና ቈሻሻውን እያቃጠለ ሠፈሩን ሲያጥን ኖሯል። እንዲህ በመሆኑ ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው መጥረጊያ ከተቀመጠበት ይነሣል፤ የገናም ጌጥ የሚጀመረው በዚሁ መጥረጊያ ነው ማለት ይቻላል።

ከተማይቱ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር አብዛኞቹ ቤቶቿ የእንጨትና የጭቃ ነበሩ። በኋላ ባሕር ዛፍ ተስፋፍቶ እንጨት ሲበረክት፥ የምድር ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ቆርቆሮና ሚስማር ማግኘት እየቀለለ ሄደ፤ የሣሩም ጣራ ቀስ በቀስ በቆርቆሮ ተተካ። ከህንድና ከአርመን አገር የመጡ አናጢዎችና ግንበኞች ከአገር ልጆች ጋር ሆነው ሰፊ በረንዳና የእንጨት ሰገነት ያላቸውን፥ የጣራቸው ክፈፍ ጥልፍ በመሰለ ፍልፍል እንጨት ያጌጠ ቤቶችን ሠሩ። በኋላ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ታናናሾቹም ቤቶች ከታላላቆቹ ተምረው በየአቅማቸው በረንዳና የእንጨት መስኮት አወጡ።

ነገር ግን በታናናሾቹ ቤቶች የሚኖረው ሰው ለውስጡ ጌጥ የሚያወጣው ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ የጭቃው ግድግዳ እንዳይራገፍ ያነበበውን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጥፍበት፥ ከጣራው ትቢያ እንዳይወርድም አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ ያደርገው ነበር። በዓል ሲመጣ አሮጌው ጋዜጣ በአዲስ ይሸፈናል። ብዙ ልጆች ከፊደል ገበታ ቀጥሎ ያነበቡት መጽሐፍ ይኸው ግድግዳ ነው። እኔም በልጅነቴ ከመኝታዬ ሆኜ የማነበው፥ ግማሹ በቁም ሣጥን የተከለለ አንድ ዜና ነበር። ቁም ሣጥኑ የሚነሣው ለገና ጽዳት ብቻ ስለ ነበር መጨረሻውን ለማወቅ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነብኝ። ቀኑ ደርሶ ቁም ሣጥኑ ሲነሣ እናቴ በአንድ እጇ ሙጫውን፥ በሌላው አዲሱን ጋዜጣ ይዛ፥ አንብቤ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ። ዜናው ዛሬ ተረስቶኛል፤ የእናቴ መቆም ግን አልተረሳኝም።

የእኛ ልማድ ይህን ሲመስል፥ አሁን ደግሞ ዛፉና መብራቱ ወደ ተነሡበት ወደ አውሮፓ እንሻገር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1223 ዓ.ም. የአሲዚው ፍራንቼስኮስ ግሬቾ በምትባል የኢጣልያ መንደር የልደትን ሌሊት ለሕዝቡ በዓይን ለማሳየት ፈለገ። ለዚህም ያዘጋጀው ወርቅና ሐር ሳይሆን አንድ ግርግም፥ ድርቆሽ፥ አንድ በሬና አንድ አህያ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር በገና ሰሞን በየቤቱ የሚቀመጠው የበረት ምስል መስፋፋቱ ከዚህ ሌሊት ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ስለ ዛፉ ደግሞ ከጥንታውያኑ ማስረጃዎች አንዱ በ1605 ዓ.ም. ስለ ስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። በዚያ እንደ ተመለከተው የከተማይቱ ሰዎች በየእልፍኛቸው የጥድ ዓይነት ዛፍ ያቆሙ ነበር፤ በቅርንጫፎቹም ላይ ከባለ ቀለም ወረቀት የተቈረጠ ጽጌረዳ፥ ፖም፥ ስስ ቂጣ፥ የወርቅ ቅብ ወረቀትና ጣፋጭ ነገር ያንጠለጥሉ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ በመቀስ የሚቈረጥ፥ በምድጃ የሚጋገር፥ ከጓዳ የሚወጣ ነው።

ዛሬ የምናውቃቸው የሚያብረቀርቁ የብርጭቆ ኳሶች የመጡት በጀርመን አገር በቱሪንጊያ ተራሮች መካከል ካለችው ከላውሻ መንደር ነው። ላውሻ ከ1597 ዓ.ም. ጀምሮ የብርጭቆ ሥራ የሚሠራባት መንደር ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ አንድ ድኻ ብርጭቆ ሠሪ በዛፉ ላይ የሚሰቅለው ፖም መግዣ ቢያጣ በእሳቱ ላይ ብርጭቆ እየነፋ በፖም አምሳል ኳስ ሠራ ተብሎ ይተረካል። ትረካው እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ የመንደሪቱ ሰዎች በየቤታቸው፥ አባት እየነፋ እናትና ልጆች ቀለም እየቀቡ፥ ኳሶቹን በቅርጫት ተሸክመው ለነጋዴ ይሸጡ እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንግዲህ ይህ ጌጥ የድኻ ቤት የእጅ ሥራ ነበር።

ታዲያ ዛፉ የሀብት ምልክት የሆነው መቼ ነው ቢባል፥ በታኅሣሥ 1848 ዓ.ም. አንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በዛፍ ዙሪያ የቆሙበትን ሥዕል አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ያንኑ ሥዕል የንግሥቲቱን ዘውድ ፍቆ፥ ተራ የአሜሪካ ቤተ ሰብ አስመስሎ አተመው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም አገር ዛፍ ያላቆመ ቤት ከጎረቤቱ ያነሰ መሰለው። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን በኒውዮርክ ቤቱ ውስጥ 80 ቀይ፥ ነጭና ሰማያዊ የኤሌክትሪክ አምፖሎች ያሉበት ዛፍ አቆመ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ መብራት የሀብታሞች ብቻ ነበር። በቤት እጅ ተሠርቶ የነበረው ጌጥ በዚህ መንገድ የሱቅ ዕቃ ሆነ።

ወደ እኛ ከተሞች የደረሰውም ይኸው የሱቅ ዕቃ ሆኖ የተሸጠው ጌጥ ነው። እነሆ፥ የታኅሣሥ ፀሐይ በሚያበራበት አገር በረዶን እንዲመስል ጥጥ በዛፍ ላይ ይበተናል። ይህስ ለልጆች ጨዋታ ነውና ግድ የለም። ጉዳት ያለበት ግን ለጥቂት ቀን ደስታ ተብሎ የጥድ ጫፍ የሚቈረጠው ነው። የአገራችን ጥድ አዝጋሚ ዕድገት ያለው ዛፍ ነው፤ ጫፉ የተቀላ እንደ ሆነም ቀጥ ብሎ ማደጉን ያጣል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። ያን ያህል ዘመን የታሰበለትን ዛፍ ለአንድ ሳምንት ጌጥ መቅላት ከአባቶቻችን አሳብ ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው ጉዳት በቤት ላይ የሚደርሰው ነው። አንድ ዓመት እኔም በልጆቼ ልመና ተሸንፌ ረዥም የመብራት ሐረግ ገዛሁ። የቤታችን የኤሌክትሪክ ገመድ ከቤቱ ጋር ያረጀ፥ ቆጣሪውም የግቢው የጋራ ነበር። በገና ዋዜማ መብራቱን ስሰካው ፊውዙ ተቃጠለና ግቢው ሁሉ ጨለመ። ጎረቤቶቼ ዶሯቸውን በሻማ ብርሃን ሠሩ፤ እኔም ከየቤቱ እየዞርሁ ይቅርታ ስለምን አመሸሁ። ከዚህ የባሰ አደጋም አለ። ጋዜጣ በተለጠፈበት ግድግዳና አቡጀዲ በተወጠረበት ጣራ ሥር ያረጀ ገመድ ቢግል፥ ወይም ሻማ ለግድግዳ ተጠግቶ ቢበራ፥ አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን አንድ ሠፈር ሊያቃጥል ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳት ብድሩ ነው። ገና በዋለ በ12ኛው ቀን ጥር 11 ጥምቀት ይመጣል። ለገና መብራት የተበደረ የመንግሥት ሠራተኛ ጥምቀትን የሚያከብረው በባለ ዕዳው ፊት ዓይኑን እየሰበረ ነው። ልጆችም ይህን ያያሉ፤ ጌጡን ሲረሱ የአባታቸውን ጭንቀት አይረሱም።

እንግዲህ ባለ አሮጌ ቤት በጥቂት ብር ምን ያድርግ? ታሪኩ ራሱ መልሱን ይሰጠናል። አስቀድሞ ግድግዳውን ይጠግን፤ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት የሚጀምር ሰው በታኅሣሥ ፀሐይ ፈጥኖ ይደርቅለታል። ለጭቃ ግድግዳ ከዘይት ቀለም ይልቅ ኖራ ይሻላል፤ የዘይት ቀለም እርጥበቱን በውስጥ ስለሚያፍን ይላጣል፤ ኖራ ግን እርጥበቱን ያሳልፈዋል፥ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሲበጠብጡት ግን ዓይንንና ቆዳን እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል። ቀጥሎ የበረንዳውን እንጨትና የመስኮቱን መስተዋት ይጠብ፤ ብዙዎች አሮጌ የሚሉት ከዓመታት ጥላሸት በታች ያለ መልካም የእጅ ሥራ ነው። ልጆቹንም መቀስና ባለ ቀለም ወረቀት ሰጥቶ አበባ ያስቈርጣቸው፤ የስትራስቡርግ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዛፍ የፈለጉ እንደ ሆነ በጣሳ የተተከለ ችግኝ ያስጊጡ፤ በክረምትም በግቢ ይትከሉት። ለዋዜማው ቄጤማና ዕጣን ይበቃል።

ይህ ምክር ለተከራይም የሚስማማ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆነዋል፤ የእኔ ነው በማይሉት ቤት ላይም ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ያስፈራል። ኖራና ቄጤማ ግን ባለቤትነትን አይጠይቁም። በቅርብ ዓመታት ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ሰዎቻቸውም ወደ ሌላ ሠፈር ሄደዋል። ከፈረሰው ቤት የወጣን ሰው ስለ ገና ብትጠይቁት የሚያነሣው የግድግዳውን ስንጥቅ አይደለም፤ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ማን ከማን ጋር ተቀምጦ እንደ በላ ነው። ቤታችሁ ቆሞ ሳለ፥ አሮጌ ነው ብላችሁ ሳታፍሩበት፥ ጠርጋችሁ እንግዳ ተቀበሉበት።

የተከበራችሁ አድማጮች ሆይ፥ የገና ጌጥ በግሬቾ ድርቆሽ፥ በስትራስቡርግ ወረቀት፥ በእኛም አገር ቄጤማ ሆኖ የተጀመረ ነው። በጥቂት ገንዘብ ቤቱን የሚያሰናዳ ሰው ከሌሎች ያነሰ በዓል አያከብርም፤ በዓሉን በተጀመረበት መንገድ ያከብራል እንጂ። ለክርስቲያን ወገኖቻችን ሁሉ መልካም የልደት በዓል እንመኛለን።