ኳስ ተሸክመው የሮጡልን፦ የኦሃዮ ስቴት ታላላቅ ራኒንግ ባኮች በደረጃ

ኦሃዮ ስቴት የተማርን ሰዎች ወደ ዩኒቨርሲቲው የገባነው በየበራችን ነው። አንዱ በሕክምና፣ ሌላው በምሕንድስና፣ ሌላዋ በግብርና። ቅዳሜ ሲሆን ግን ሁላችንም የምናየው አንድ ስታዲየም ነው። እዚያ ስንገናኝ ደግሞ የማይቀር ክርክር አለ፦ ኳስ ተሸክመው ከሮጡልን ልጆች ማን ይበልጣል? ወጣቶቹ ኤልዮት ይላሉ። በ1990ዎቹ የተማሩት ኤዲ ጆርጅን አሳልፈው አይሰጡም። ትልልቆቹ «ግሪፈን» ይሉና ክርክሩን የዘጉ ይመስላቸዋል። እኔም በዚህ የመገናኛ መጽሐፋችን የራሴን ደረጃ ላስቀምጥ። ሐኪም ስለሆንኩ ግን የሮጡትን ርቀት ብቻ ሳይሆን ሰውነታቸው የከፈለውንም ዋጋ ማንሣቴ አይቀርም። የሙያ ነገር ነውና ቻሉኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ላልለመዱ መምህራኖቻችን ባጭሩ ላስረዳ። ራኒንግ ባክ ማለት ከኳርተርባኩ ኳስ ተቀብሎ በአሥራ አንድ ተከላካዮች መሀል ሰንጥቆ የሚሮጥ ተጫዋች ነው። ርቀቱ የሚለካው በያርድ ሲሆን አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ጨዋታ መቶ ያርድ የሮጠ ጥሩ ቀን ዋለ ይባላል። ኳሷን መጨረሻው መስመር ካሳለፈ ተችዳውን ነው። የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች በየዓመቱ የሚሸለመው ዋንጫ ደግሞ ሃይስማን ይባላል።

ቁጥሩን ብቻ አይተን እንዳንፈርድ የሚያደርጉ ነገሮች አሉ። ግሪፈን በ1974 የተጫወተው 12 ጨዋታ ነበር፤ ኤልዮት በ2014 የተጫወተው 15 ነው። እስከ 1972 ድረስ፣ ከጦርነት ጊዜያት በቀር፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበር። ከዓመቱ መጨረሻ የሚደረገው የቦውል ጨዋታም እስከ 2002 ድረስ በብሔራዊው መዝገብ አይቆጠርም ነበር። መቼስ አንድ የላብራቶሪ ውጤት ብቻውን በሽታ እንደማይነግረን ሁሉ፣ አንድ የያርድ ቁጥርም ብቻውን ታላቅነትን አይነግረንም። ስለዚህ ሦስት ነገር አየሁ፦ ተጫዋቹ በራሱ ዘመን ከነበሩት ምን ያህል ራቀ? ምን ያህል ጊዜ ጸና? ለዩኒቨርሲቲውስ ምን ትቶ ሄደ?

ሰባተኛ፦ ኪት ባያርስ። በጥቅምት 1984 ከኢሊኖይ ጋር በተደረገው ጨዋታ ቡድናችን 24 ለ 0 ተመርቶ ነበር። ባያርስ 274 ያርድ ሮጦ አምስት ተችዳውን አገባ፤ 45 ለ 38 አሸነፍን። አንዱን ተችዳውን ያገባው እኮ መንገድ ላይ ጫማው ወልቆ በአንድ እግር ካልሲ እየሮጠ ነው። በዚያ ዓመት 1,764 ያርድ ሮጦ በሃይስማን ምርጫ ሁለተኛ ወጣ። በ1985 ዋንጫው የእሱ ነው ሲባል የእግሩ አጥንት ተሰበረ። ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ተጎዳ፣ ዓመቱም በዚያው አለፈ። የእግር አጥንት ሙሉውን የሰውነት ክብደት ስለሚሸከም ቶሎ አይድንም፤ ሳይጠና ከተሮጠበት ተመልሶ ይሰበራል። ሙሉ ሁለት ዓመት ቢያገኝ ኖሮ ከዚህ ከፍ ብሎ ባስቀመጥኩት ነበር።

ስድስተኛ፦ ጄ.ኬ. ዶቢንስ። በ2019 2,003 ያርድ ሮጠ፤ በዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ በአንድ ዓመት ሁለት ሺህ ያለፈ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከክሌምሰን ጋር በነበረው ግማሽ ፍጻሜ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ወጥቶ ተመለሰ፤ 174 ያርድም ሮጠ፤ እኛ ግን 29 ለ 23 ተሸነፍን። የሦስት ዓመት ድምሩ 4,459 ሲሆን ከግሪፈን ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። «ታዲያ ለምን ስድስተኛ?» የምትሉ አትጠፉም። የበለጡት በዘመናቸው ከሌላው የራቁት ርቀት የበለጠ ስለሆነ ነው።

አምስተኛ፦ ሃዋርድ ካሳዲ። «ሆፓሎንግ» የሚለው ቅጽል ስም የመጣለት በዘመኑ ከታወቀው የካውቦይ ፊልም ጀግና ነው። የኮሎምበስ ልጅ ነው፤ ሰውነቱ ቀጭን ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ተጫዋች ያጠቃም ይከላከልም ስለነበር፣ በ1954 ከዊስኮንሲን ጋር ስንጫወት የተቃራኒውን ኳስ ጠልፎ 88 ያርድ ሮጦ ያገባው እሱ ነው። ያ ዓመት ያለ ሽንፈት አልቆ አሠልጣኝ ዉዲ ሄይስ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮንነት አገኘ። ካሳዲም በ1955 ሃይስማን ወሰደ።

አራተኛ፦ ኢዚኪየል ኤልዮት። በ2014 መጨረሻ ቡድናችን ሁለት ኳርተርባክ በጉዳት አጥቶ በሦስተኛው ነበር የሚጫወተው። ያኔ ሸክሙን የተሸከመው ኤልዮት ነው። ዊስኮንሲን ላይ 220፣ አላባማ ላይ 230፣ ለሻምፒዮንነቱ ኦሪገን ላይ 246 ያርድ፣ በጠቅላላው በሦስት ጨዋታ 696 ያርድ ሮጠ። አላባማ ላይ የሮጣት የ85 ያርድ ሩጫ ብቻዋን የአንድ ትውልድ ወሬ ሆናለች። በትልልቅ ጨዋታ ላይ እንዲህ የሮጠ በታሪካችን የለም።

ሦስተኛ፦ ኤዲ ጆርጅ። የጆርጅ ታሪክ ለተማሪ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1992 የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ከኢሊኖይ ጋር ስንጫወት በጎሉ ደጃፍ ሁለት ጊዜ ኳስ ከእጁ ወደቀ። አንዷን ተቃራኒው አንሥቶ 96 ያርድ ሮጦ አገባት፤ 18 ለ 16 ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። ሌላ ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ይቀይር ነበር፤ እሱ ግን ሥራውን ያዘ። በ1995 በዚያው በኢሊኖይ ላይ 314 ያርድ ሮጠ፤ ዓመቱን በ1,927 ያርድ ጨርሶ ሃይስማንን ወሰደ። በሙያ ቡድን እየተጫወተም ሳለ በመሬት ገጽታ ንድፍ የጀመረውን ትምህርት ተመልሶ ጨረሰ። ለዩኒቨርሲቲ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከደረጃው ውጪ የተውኳቸውም አሉ። ሌስ ሆርቫት በ1944 የመጀመሪያውን ሃይስማናችንን ያመጣ ሰው ነው። ዲግሪውን ጨርሶ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ሆኖ ሳለ በጦርነቱ ጊዜ ደንብ ተመልሶ ተጫወተ፤ ቡድኑም ዘጠኙንም አሸነፈ። በኋላ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ኖረ። ቪክ ጃኖዊትዝ በ1950 ሃይስማን ሲያገኝ ይሮጥ፣ ያቀብል፣ ይመታም ነበር፤ ከሚሺጋን ጋር በበረዶ ማዕበል ውስጥ በተደረገው ጨዋታ 21 ጊዜ ኳስ መትቶ አርቋል። በ1956 የመኪና አደጋ ግማሽ ሰውነቱን ሽባ አደረገበት። ሁለቱን ከንጹሕ ሯጮች ጋር ማወዳደር ስለከበደኝ ነው የተውኳቸው።

ሞሪስ ክላሬት ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ተጫወተ። በ2002 በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ልጅ ሆኖ 1,237 ያርድ ሮጠ፤ ማያሚን በሁለት ጭማሪ ሰዓት 31 ለ 24 ያሸነፍንበትን የመጨረሻ ተችዳውን ያገባው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለኦሃዮ ስቴት አልተጫወተም፤ እስር ቤትም ገባ። ከወጣ ወዲህ በኦሃዮ በአእምሮ ጤናና በሱስ ሕክምና ዘርፍ ይሠራል። በሜዳው ብቻ ከተመዘነ የአንድ ዓመት ሰው ነው፤ በሕይወቱ ከተመዘነ ግን ገና ያላለቀ ታሪክ አለው።

ሁለተኛ፦ ቺክ ሃርሊ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችሁ የምትቆጡኝ። የያርድ መዝገቡ እንደ ዛሬው የተሟላ አይደለም፣ ፊልሙም የለም። ግን ቡድኑ ከሃርሊ በፊት ምን ነበር? የመንደር ቡድን። እሱ በ1916 ሲሰለፍ ያለ ሽንፈት የመጀመሪያውን የቢግ ቴን ዋንጫ አገኘን። በ1917 ደገምነው። በ1918 ለጦርነት ሄደ፤ በ1919 ተመልሶ ሚሺጋንን ለመጀመሪያ ጊዜ 13 ለ 3 አሸነፍን። በሦስቱ ዓመታት የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ የመጨረሻዋን፣ 9 ለ 7። ሰዉ በአሮጌው ሜዳ አልበቃ ሲል ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ በ1922 ዛሬ የምንቀመጥበት ስታዲየም ተከፈተ። «ሃርሊ የሠራው ቤት» የሚሉት ለዚህ ነው።

ሃርሊ ግን በዚያ ቤት አልኖረበትም። ስታዲየሙ በተከፈተ ሰሞን የአእምሮ ሕመም ያዘው። ያኔ የተሰጠው ስም ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ ለምንለው የሚቀርብ ነው። ቀሪ ዕድሜውን አብዛኛውን በኢሊኖይ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አሳለፈ፤ በ1948 ኮሎምበስ መጥቶ ከተማው በሰልፍ ተቀበለው፤ በ1974 አረፈ።

የጭንቅላት ምት ያመጣው ነው ወይ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። ሃርሊ የተጫወተው በቆዳ ቆብ ነው። በዘመናችን ናይጄሪያ የተወለደው የፓቶሎጂ ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ የተደጋገመ ምት በአንድ የሙያ ተጫዋች አንጎል ላይ ያደረሰውን ጉዳት አሳይቷል። ነገር ግን ያ ጉዳት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ አንጎል ሲመረመር ነው። ስኪዞፍሬኒያ ደግሞ ኳስ ነክተው የማያውቁ ወጣት ወንዶችን ጭምር በሃርሊ ዕድሜ ነው የሚይዘው። ከመቶ ዓመት በኋላ ተነሥቶ በሽታውን መሰየም ሕክምና ሳይሆን ግምት ነው። የዛሬው ሄልሜትም ቢሆን የራስ ቅል እንዳይሰበር ይረዳል እንጂ አንጎል በውስጡ እንዳይናወጥ አያደርግም። ይህን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

አንደኛ፦ አርቺ ግሪፈን። እሱም የኮሎምበስ ልጅ ነው። በ1972 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንዲሰለፉ በተፈቀደበት ዓመት ገባ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ጊዜ ኳስ ቢሰጠው ጣላት። በሁለተኛው ጨዋታ ኖርዝ ካሮላይና ላይ 239 ያርድ ሮጦ የዩኒቨርሲቲውን መዝገብ ሰበረ። በ1974ና በ1975 ሃይስማንን ሁለት ጊዜ ወሰደ፤ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

የሚቃወሙ ሰዎች ነጥብ የላቸውም አልልም። ብሔራዊ ሻምፒዮን አልሆነም። አራት ጊዜ ሮዝ ቦውል ላይ ተሰልፎ ያሸነፈው አንዴ ነው። በ1975 ያገባው አራት ተችዳውን ብቻ ነው፤ ጎል ደጃፍ ሲደረስ ኳሷ የምትሰጠው ለግዙፉ ፒት ጆንሰን ነበር። ግን እስቲ ይህን አስቡት፦ ከ1973 እስከ 1975 በ31 ተከታታይ መደበኛ ጨዋታዎች ከመቶ ያርድ በላይ ሮጧል። የሚሮጠው እሱ መሆኑን ተቃራኒው ሁሉ እያወቀ! በአራት ዓመት ለሚሺጋን አንድ ጊዜም አልተሸነፈም። ድምሩ 5,589 ያርድ ነው፤ በሜትር ሲሰላ ከአምስት ሺህ ትንሽ ያልፋል። ለእኛ አምስት ሺህ ሜትር የታወቀ ርቀት ነው። ልዩነቱ፣ ግሪፈን ይህን የሮጠው 924 ጊዜ ተነሥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜም በሰው ተመትቶ እየወደቀ ነው።

አንደኛ ያደረግኩት ግን ለያርዱ ብቻ አይደለም። ግሪፈን ትምህርቱን ጨርሶ ወጣ፤ ከ2004 እስከ 2015 ድረስ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የምሩቃን ማኅበር መራ። ሃርሊ ባረፈበት በዚያው በ1974 የመጀመሪያውን ሃይስማን የወሰደው ልጅ በጤና ተመልሶ ቤቱን አስተዳደረ። አንዱ ስታዲየሙን አስገነባ፣ ሌላው ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጀግንነት ሳይሆን የጤና ይመስለኛል።

ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ ተገቢም ነው። ገንዘብ ግን የተናወጠ አንጎል አይጠግንም። መምህራን፣ ቅዳሜ የምናጨበጭብለት ልጅ ሰኞ ክፍላችሁ ውስጥ ተማሪያችሁ ነው፤ ራሱን ሲያመው፣ ነገር ሲረሳ፣ ጠባዩ ሲለወጥ ከአሠልጣኙ በፊት ልታዩ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ምሩቃን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ሳይድን እንዲገባ አትጩኹ።

በደረጃዬ የማይስማማ ሰው ካለ ስንገናኝ ይሟገተኝ፤ በተለይ በሃርሊ ጉዳይ ዝግጁ ነኝ። ክርክሩ ሲጀመር ግን «ስንት ያርድ ሮጠ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?» የሚለውን ጨምሩበት።