የካረኖች ረጅም ጦርነት

ካረኖች በበርማ ምሥራቃዊ ተራሮችና በኢራዋዲ ዴልታ የሚኖሩ፣ ከአገሪቱ ብዙኃን ከባማሮች በቋንቋም በባህልም የሚለዩ ሕዝቦች ናቸው። አብዛኞቹ ቡድሂስቶች ናቸው፤ የአሜሪካ ባፕቲስት ሚስዮናውያን ያስተማሯቸው ክርስቲያኖች ግን ቁጥራቸው ቢያንስም ፊደል ቆጥረው የመሪነቱን ስፍራ ያዙ።

እንግሊዝ በርማን ስትገዛ ካረኖችን በወታደርነትና በፖሊስነት በብዛት ስለቀጠረች፣ ባማሮች የቅኝ ገዢው ባለሟሎች አድርገው ቆጠሯቸው። ቂሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ደም አፋሰሰ፤ ከጃፓን ጋር ተሰልፎ የገባው የበርማ ነጻነት ጦር በዴልታው ብዙ ሰላማዊ ካረኖችን ገደለ። የተራራ ካረኖች በበኩላቸው ከእንግሊዝ ጎን ሆነው ጃፓንን ወጉ። ውለታው አገር ያስገኝልናል ብለው በ1946 ወደ ለንደን የላኳቸው መልእክተኞች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለኋላው ጦርነት ከማንኛውም ርእዮተ ዓለም ይልቅ ምክንያት የሆኑት ይህ ደምና ይህ የተረሳ ውለታ ናቸው።

የካረን ብሔራዊ ኅብረት በየካቲት 1947 ተመሠረተ። በርማ በጥር 1948 ነጻ ወጣች፤ ዓመት አለፍ እንዳለ፣ ጥር 31 ቀን 1949፣ ከወቅቱ ዋና ከተማ ከራንጉን አጠገብ ባለችው ኢንሴን ውጊያ ተከፈተ። የመንግሥቱ ጦር አዛዥ ጄኔራል ስሚዝ ደን ራሱ ካረን ነበር፤ ወዲያው ተነሥቶ ኔ ዊን ተተካ። የካረን አማፅያን ኢንሴንን ከሦስት ወር በላይ ይዘው ቢቆዩም ራንጉን አልገቡም። መሪያቸው ጠበቃው ሶ ባ ዩ ጂ በነሐሴ 1950 ተገደለ። እጅ አለመስጠት፣ መሣሪያ አለመፍታት፣ የካረን አገር ሙሉ እውቅና ማግኘቷና ዕጣቸውን ራሳቸው መወሰናቸው፣ እርሱ የተወላቸው አራት መርሆች ሆኑ።

ትግሉ ወደ ታይላንድ ድንበር አፈገፈገ። ኔ ዊን በ1962 ሥልጣን ይዞ ያወጀው ሶሻሊዝም የአገሪቱን ሱቆች ባዶ ሲያደርግ፣ ከታይላንድ የኮንትሮባንድ ዕቃ ጎረፈ፤ ካረኖችም በየመተላለፊያው ኬላ አቁመው ቀረጥ ሰበሰቡ። በዚህ ገንዘብ ጦር ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትና ክሊኒክም አቋቁመው ነበር። መንግሥት ምግብን፣ ገንዘብን፣ መረጃንና ምልምልን ከአማፅያኑ ለመቁረጥ ባወጣው ስልት መንደሮችን አቃጠለ፤ ገበሬውን ከርስቱ ነቀለ። ከ1984 ወዲህ ስደተኞች በታይላንድ ካምፖች መክረም ጀመሩ። በእነዚህ ዓመታት የተገንጣይነት ጥያቄውም በፌደራል በርማ ውስጥ ራስን ወደ ማስተዳደር ተለወጠ።

ዋና ሰፈራቸውን ማነርፕሎን ያሳጣቸው ግን የውስጥ ቁርሾ ነው። አዛዦቹ በአብዛኛው ክርስቲያኖች፣ ተራው ተዋጊ በብዛት ቡድሂስት ነበር፤ የተዋጊውን ቅሬታ በጊዜው የሰማ አልነበረም። በታኅሣሥ 1994 ቡድሂስት ወታደሮች ከድተው ከመንግሥት ጋር ወገኑ፤ በጥር 1995 ማነርፕሎ ወደቀች። ለዓመታት በጠላት ያልተደፈረውን ቦታ መንገዱን የሚያውቁ ልጆቹ አስደፈሩት።

በ2012 ተኩስ ቆመ፤ በ2015 አገር አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ከየካቲት 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ውጊያው ዳግም ተቀጣጠለ። ከከተሞች የሸሹ ብዙ የባማር ወጣቶችም ወደ ካረን ተራሮች ወጥተው በካረን አዛዦች እጅ ሠለጠኑ።