የተንቀሳቃሽ ስልክ ኃይል ሰጪነት፤ አጭር ታሪክ

በአገራችን ገጠር እሳቷ የጠፋባት እመቤት ከጎረቤት ዘንድ ሄዳ እሳት ትጭራለች። ፍም ያካፈለው ቤት ምድጃው አይቀዘቅዝም፤ ሰጪውም ተቀባይዋም እኩል ይሞቃሉ። እህል የተበደረች እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እህሉ በቁና ይሰፈራል፤ ተበዳሪዋ ያገኘችውን ያህል የአበዳሪው ጎተራ ይጎድላል። ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ የሚገኘው ዘመናዊ ተንቀሳቃሽ ስልክ ከባትሪው ቀንሶ ለሌላ ስልክ፣ ለጆሮ ማዳመጫ ወይም ለእጅ ሰዓት ኃይል ሲሰጥ የሚፈጽመው ተግባር እሳት ማስጫር ሳይሆን እህል ማበደር ነው። ከዚያም በላይ በመንገድ ላይ ፈስሶ የሚቀር እህል አለ።

ይህ አገልግሎት ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ባትሪና ሽቦ እስካሉ ድረስ ኃይሉ ከሞላው ወደ ጎደለው ይፈሳል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ታሪኩ የሚያስረዳው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስልክ ኃይል እንዲሰጥ የሚያስችለው የኤሌክትሪክ ብልሃት አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ ነገሩን ያዘገየው በተገናኙ ሁለት መሣሪያዎች መካከል ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ ይሁን የሚለው ጥያቄ ነበር። የዚህም ጥያቄ መልስ የተገኘው በአንድ ሰው ግኝት ሳይሆን መሐንዲሶች ለዓመታት ባደረጉት ስምምነት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቀብሎ የሚሰጥ ባትሪ

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 ይፋ ያደረገው የመጀመሪያው ባትሪ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር እስኪያልቅ ብቻ የሚሠራ ነበር። በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ከእርሳስና ከአሲድ የሠራው ባትሪ ግን ኃይሉን ከጨረሰ በኋላ የኤሌክትሪክ ፍሰት በተቃራኒው አቅጣጫ ሲገባበት የኬሚካሉ ለውጥ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና የሚሞላ ሆነ። በ1991 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪም በመርሑ ከዚሁ ወገን ነው። ለዚህ ባትሪ መገኘት የደከሙት ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉዲነፍ እና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ በስልኩ ውስጥ ያለው ባትሪ ከተፈጥሮው በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሠራ ሆኖ የተበጀው በባትሪውና በውጭው ዓለም መካከል ያለው በር ነው።

ጌታና ሎሌ

ዩኤስቢ የተባለው የመገናኛ ደረጃ በጥር ወር 1996 ሲወጣ ዓላማው የቁልፍ ሰሌዳን፣ ማተሚያንና የመሳሰሉትን በአንድ ዓይነት ሶኬት ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ነበር። ሥርዓቱም በግልጽ የተለያዩ ሁለት ወገኖች ነበሩት። ኮምፒዩተሩ አዛዥና ኃይል ሰጪ ሲሆን፣ ሌላው መሣሪያ ታዛዥና ኃይል ተቀባይ ነበር። ኃይሉ በ5 ቮልት ይሰጣል፤ ተቀባዩ መሣሪያ መጀመሪያ እስከ 100 ሚሊአምፔር ብቻ እንዲወስድ ሲፈቀድለት፣ ጠይቆ ካስፈቀደ ደግሞ እስከ 500 ሚሊአምፔር ሊወስድ ይችላል።

የገመዱ ሁለት ጫፎች በቅርጽ እንዲለያዩ የተደረገውም ሆን ተብሎ ነው። ሁለት ኃይል ሰጪዎች በአንድ ሽቦ ቢገናኙ፣ በቮልቴጃቸው መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት እንኳ ለመቀበል ባልተዘጋጀው ወገን ውስጥ ፍሰት ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ጌታ ከጌታ ጋር እንዳይገናኝ በቅርጹ ተከለከለ። ተንቀሳቃሽ ስልክም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ቦታው ከሎሌዎቹ ወገን ሆነ፤ ከኮምፒዩተር ኃይል ይቀበላል እንጂ ለማንም አይሰጥም።

አምስተኛው እግር

የኪስ መሣሪያዎች አቅም እያደገ ሲሄድ ይህ አከፋፈል ጠበባቸው። ፎቶግራፍ ማንሻውን በቀጥታ ከማተሚያ፣ የኪስ ኮምፒዩተሩን ከቁልፍ ሰሌዳ ጋር ለማገናኘት የሚፈልግ ሰው በመካከል ሌላ ኮምፒዩተር ማቆም ነበረበት። በመሆኑም በታኅሣሥ ወር 2001 በነባሩ ደረጃ ላይ ኦን ዘ ጎ የተባለ ተጨማሪ ሰነድ ወጣ።

የሰነዱ ብልሃት በትንሹ ሶኬት ውስጥ የተጨመረ አምስተኛ የብረት እግር ነበር። በገመዱ አንድ ጫፍ ይህ እግር ከመሬት መስመር ጋር ይገናኛል፤ በሌላው ጫፍ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። እግሩ ከመሬት መስመር ጋር ተገናኝቶ ያገኘው መሣሪያ ሰጪ ይሆናል፤ ክፍት ሆኖ ያገኘው ተቀባይ ይሆናል። ሁለቱ መሣሪያዎች ከተገናኙ በኋላ የአዛዥነቱን ሥራ በመልእክት ሊለዋወጡ ይችሉ ነበር፤ የኃይል ሰጪነቱን ኃላፊነት ግን ገመዱ እንደ ወሰነው ይዘው ይቆያሉ። ሰጪው እንዲሰጥ የተገደደው ዝቅተኛ መጠንም 8 ሚሊአምፔር ብቻ ነበር። ይህ መጠን የሰነዱን አዘጋጆች ሐሳብ በሚገባ ያሳያል፤ የታሰበው አንድን ትንሽ መሣሪያ በሥራ ላይ ማቆየት እንጂ የሌላን መሣሪያ ባትሪ መሙላት አልነበረም።

ሆኖም በሩ ተከፍቶ ነበር። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ እንደ ሙሌቱ መጠን ከ3 እስከ 4.2 ቮልት አካባቢ ስለሚዋልል፣ 5 ቮልት ለመስጠት ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ዑደት ያስፈልጋል። ይህም በጥቅልል ሽቦና በፍጥነት በሚከፈቱና በሚዘጉ ትራንዚስተሮች የሚሠራ ነው። የሚያስደንቀው፣ ስልኩ ሲሞላ 5 ቮልቱን ወደ ባትሪው ልክ የሚያወርደው ዑደት፣ የትራንዚስተሮቹ አከፋፈት ሥርዓት ሲገለበጥ ያው ራሱ ከፍ የሚያደርግ መሆኑ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ የባትሪ መቆጣጠሪያ ቺፖች በአንዱ ጥቅልል ሽቦ ሁለቱንም ሥራ እንዲሠሩ ሆነው ተነደፉ።

በጥር ወር 2014 ሁዋዌ ያስተዋወቀው አሴንድ ሜት 2 የተባለ ስልክ 4050 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነበረው። ኩባንያው ይህን ስልክ ሲያስተዋውቅ ሌሎች ስልኮችን መሙላት እንደሚችል ጭምር ገለጸ። በሰነዱ ውስጥ ዳር ላይ የነበረው አገልግሎት የገበያ ማስታወቂያ ለመሆን በቃ።

እጣና ስምምነት

በ2012 ስለ ኃይል አሰጣጥ ብቻ የሚደነግግ አዲስ ሰነድ የወጣ ሲሆን፣ በነሐሴ ወር 2014 ደግሞ ዩኤስቢ ሲ የተባለው ባለ 24 እግር ሶኬት ይፋ ሆነ። የዚህ ሶኬት ገመድ ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጌታና ሎሌን በቅርጽ የሚለየው አሮጌ አጥር በዚህ ፈረሰ። አጥሩ ሲፈርስ ግን የቀድሞው ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ገመዱ ካልወሰነ ሰጪውን ማን ይወስናል?

መልሱ በአንዲት ሽቦና በሁለት ዓይነት ሬዚስተር ተሰጠ። ሰጪ የሆነ መሣሪያ ሽቦዋን በሬዚስተር ወደ ላይ ይስባል፤ ተቀባይ የሆነው 5.1 ኪሎኦም በሆነ ሬዚስተር ወደ መሬት ይስባታል። ሁለቱ መሳቢያዎች መገናኘታቸው እስኪረጋገጥ ድረስ በኃይል መስመሩ ላይ ቮልቴጅ አይለቀቅም። በ1996 በፕላስቲክ ቅርጽ ይጠበቅ የነበረው ደህንነት አሁን በምልክት የሚጠበቅ ሆነ።

ስልክን የመሰለ ሁለቱንም ሊሆን የሚችል መሣሪያ በሁለቱ ሬዚስተሮች መካከል በፍጥነት ይመላለሳል። ሁለት ስልኮች በአንድ ገመድ ሲገናኙ አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ሆነው በተገጣጠሙበት ቅጽበት ሚናቸው ይጸናል። ምርጫ አስቀድሞ ካልተቀመጠላቸው በቀር ውጤቱ እንደ እጣ ነው፤ ባትሪው ሊያልቅ የቀረበው ስልክ ሰጪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ለማቃናት ሰነዶቹ ሁለት መንገድ አበጁ። አንደኛው፣ መሣሪያው ሰጪ ወይም ተቀባይ ለመሆን አስቀድሞ እንዲሞክር ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው፣ ከተገናኙ በኋላ በመልእክት ተስማምተው ሚናቸውን እንዲለዋወጡ መፍቀድ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ባለቤቱ በገመዱ የሚሞላው የእርሱ ስልክ ወይስ የተገናኘው መሣሪያ እንደሆነ እንዲመርጥ የሚያስችለው መስኮት የዚሁ ሥርዓት ፍሬ ነው።

አፕል በ2012 ላይትኒንግ የተባለውን የራሱን ሶኬት ይዞ ከወጣ በኋላ ለ10 ዓመት ያህል በዚያው ጸንቶ ቆየ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች በገመድ የሚሞሉ ከሆነ ዩኤስቢ ሲ እንዲኖራቸው አዘዘ። አፕልም በመስከረም ወር 2023 ባቀረበው አይፎን 15 ላይ ይህንኑ ሶኬት አደረገ፤ ስልኩም ለጆሮ ማዳመጫና ለመሳሰሉት ትንንሽ መሣሪያዎች እስከ 4.5 ዋት እንዲሰጥ ተፈቀደለት።

ያለ ሽቦ

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው፣ በአንድ ጥቅልል ሽቦ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ሲለዋወጥ በአጠገቡ ባለው ሌላ ጥቅልል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በ2008 የተቋቋመው የገመድ አልባ ኃይል ማኅበር በ2010 ያወጣው ቺ የተባለ ደረጃ ይህንኑ መርሕ ከ100 ኪሎኸርዝ በላይ በሆነ ድግግሞሽ ለስልክ አዋለው። በስልኩ ጀርባ ያለው ጥቅልል የሚቀበለውን ተለዋዋጭ ፍሰት ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው በአራት ትራንዚስተሮች የተሠራ ድልድይ ነው። ይኸው ድልድይ በተቃራኒው ሲታዘዝ የባትሪውን ቀጥተኛ ፍሰት ወደ ተለዋዋጭ ይቀይራል፤ ተቀባዩ ጥቅልል ሰጪ ይሆናል።

በጥቅምት ወር 2018 ሁዋዌ ሜት 20 ፕሮ በተባለው ስልኩ፣ በየካቲት ወር 2019 ደግሞ ሳምሰንግ በጋላክሲ ኤስ 10 ይህን አገልግሎት አቀረቡ። የሳምሰንግ ስልክ የራሱ ባትሪ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ለሌላ እንዳይሰጥ ገደብ ተደርጎለት ነበር።

የሚፈሰው እህል

የዚህ ገደብ ምክንያት በሒሳብ ይታያል። 4000 ሚሊአምፔር ሰዓትና 3.85 ቮልት የሆነ ባትሪ 15.4 ዋት ሰዓት ይይዛል። በገመድ ሲሰጥ የሰጪው ዑደት 90 በመቶ፣ የተቀባዩም እንዲሁ 90 በመቶ ያደርሳል ቢባል፣ ከመንገድ የሚተርፈው 81 በመቶ ነው። ይህ ስልክ የባትሪውን እኩሌታ፣ ማለትም 7.7 ዋት ሰዓት ለሌላ ስልክ ቢሰጥ፣ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው 6.2 ያህል ነው። ያለ ሽቦ ሆኖ ግማሹ ብቻ ይደርሳል ቢባል ደግሞ ከ7.7ቱ 3.85 ብቻ ይቀራል፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱም ሁለቱንም ባትሪዎች ያስረጃል።

በአንጻሩ 1.85 ዋት ሰዓት የሚይዝ የጆሮ ማዳመጫ ማኅደር በገመድ ቢሞላ ከሰጪው ባትሪ 15 በመቶ ያህል ይወስዳል፤ ያለ ሽቦ ቢሞላ ግን ወደ ሩብ የሚጠጋ ይወስዳል። ስለሆነም አገልግሎቱ የሚበጀው ትልቅ ለትንሽ ሲሰጥ፣ ሽቦ ካለም በሽቦ ሲሆን ነው።

ይህ ሒሳብ የመብራት መስመር በደጁ ላለው ሰው ቀላል ጉዳይ ነው፤ የጎደለውን ማታ ይሞላል። በአገራችን መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የሚኖረውና ስልኩን በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወስዶ በክፍያ የሚያስሞላው ገበሬ ግን የሚቆጥረው በቀን ነው። ለእርሱ 20 በመቶ ማለት እስከ መጪው ገበያ ድረስ ሐኪም ወይም ዘመድ የሚጠራበት ስንቅ ነው። የጎረቤቱ ስልክ ጠፍቶ ሕመምተኛ በቤቱ ቢተኛ፣ አንዲት አጭር ገመድ ለአንድ ጥሪ የሚበቃ ኃይል ታሻግራለች፤ ሁለቱም ስልኮች አብረው የሚጠፉትም ባልታወቀ መጠን ሲሰጥ ነው። የሰጪውን ስንቅ የሚጠብቀው ገደብ፣ የትኛው ስልክ ሰጪ እንደሆነ በግልጽ የሚያሳየው መስኮት፣ በመንገድ የሚፈሰውን የሚቀንሰው ዑደት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጉት ለዚህ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህን ነገሮች የወሰኑት ሰነዶች የተጻፉት መብራት በማይጠፋባቸው ከተሞች ነው። 8 ሚሊአምፔር ይበቃል ያሉትም፣ 30 በመቶ ይቅር ያሉትም መሐንዲሶች ናቸው፤ እያንዳንዱም ቁጥር የአንድን ሰው ኑሮ ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነው። ደረጃ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ያልተቀመጠ ባለሙያ፣ የአገሩ ገበሬ ኑሮ በቁጥሩ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ዘግይቶ ይሰማል። ቁናው የሚሰፈርበትን ልክ የሚያውቅ፣ መስፈሪያው ሲቆረጥ በቦታው የተገኘ ነው።